ከአዘዞ ወዲህ፦ የጾም ሳምንት በጎንደር ቁምስና

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ጎንደር የሚያስገባው መንገድ ለካቶሊካዊ መንገደኛ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበለው፣ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላም በ1632 ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ የለቀቀው ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበረው እዚሁ አዘዞ፣ በገነተ ኢየሱስ ነው። ይህን ታሪክ ጎንደር ውስጥ የማያውቀው ስለሌለ፣ ፒያሳ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ "ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን" ብዬ ክርክር እጠብቅ ነበር። እሱ ግን በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ "ውኃ የሚቀዳበት ግቢ ነዋ!" ብሎ መንገዱን ያዘ።

የጉዞዬ ዓላማ በዐቢይ ጾም ውስጥ የአንዲት ቁምስና፣ ማለትም የአንዲት ካቶሊካዊት ደብር፣ የሳምንት ኑሮ ምን እንደሚመስል ማየት ነበር። ጎንደርን የመረጥኩት ደግሞ ቁምስናዋ ትንሽ ስለሆነች ነው። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልለት ከተማ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ቁስቋም በየአቅጣጫው ደወል በሚሰማበት ስፍራ፣ የካቶሊክ ምእመናን በጣት የሚቆጠሩ ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹም ከዓዲግራት፣ ከጉራጌ፣ ከከምባታ በሥራ ዝውውር ወይም በዩኒቨርሲቲ ትምህርት የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት እንዲህ ያሉትን በሰፊ አገር ላይ የተበተኑ ማኅበረሰቦች ያስተዳድራል።

በሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ካህኑ፣ አንድ ዲያቆን፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ጥቂት እናቶች፣ ደብተራቸውን በጉያቸው የያዙ ተማሪዎች፤ በቃ። ሥርዓቱ የግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ በአጥር በኩል የሚያልፍ ሰው ዜማውን ሰምቶ ከሌላው ደብር ላይለየው ይችላል። ይህ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ አገራችን የገባው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና አጠመቀ፣ ካህናቱን ዳግመኛ ሾመ፣ የአገሩን የዘመን አቆጣጠር ሳይቀር በላቲኑ ለመለወጥ ተነሣ፤ መጨረሻው የታወቀ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው በ1625 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ፓሪስ ላይ የገጠር ድኾችን የሚያገለግል የሚስዮናውያን ማኅበር መመሥረቱ ነው። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1839 ዐድዋ የገቡት አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የዚህ ማኅበር አባል ነበሩ፤ እርሳቸው ግን የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የግዕዙንም ሥርዓት አክብረው ተቀመጡ። በእኔ አስተያየት ዛሬ ጎንደር ውስጥ ካቶሊክ ሆኖ በሰላም ማስቀደስ የሚቻለው ከሜንዴዝ ይልቅ በእኚህ ሰው መንገድ ስለተሄደ ነው።

በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። ጎጃም ተወልደው አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ እዚሁ ጎንደር ተምረው ያስተማሩ፣ የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1854 እዚሁ ጎንደር የታሰሩና በዓመቱ በሰንሰለት እንዳሉ ያረፉ ሊቅ ናቸው፤ ብፅዕናቸው የታወጀው በ1926 ነው። ከሥዕሉ ሥር መጥረጊያ፣ ባልዲና የወለል ጨርቅ ተደርድሯል። መጀመሪያ ቦታው አልመጥን ብሎኝ ነበር፤ ሰንብቼ ሳየው ግን ለእርሳቸው የተሻለ ጎረቤት ያለ አልመስል አለኝ።

ወደ ውኃው ልመለስ። ጎንደር የውኃ ችግር የጸናባት ከተማ ናት፤ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የነዋሪው ቁጥርም እየጨመረ ስለሄደ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። ዘበኛው ከእንቅልፉ ነቅቶ የግቢውን ሮቶ ይሞላል፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሩ ለሰፈሩ ይከፈታል። ተራ የሚያስከብሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነው፦ እርጉዝና ሽማግሌ ይቅደም፣ ጀሪካን ያስቀመጠ ሳይሆን የቆመ ይቅዳ። ከኪዳን ሲመለሱ የሚቀዱ የኦርቶዶክስ እናቶች አሉ፣ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉ፤ የማን ምእመን እንደሆኑ የሚጠይቃቸው የለም። መምህርቷን ለምን ሌላ ሰው እንደማይተካቸው ስጠይቃቸው፣ "ሌላው ሰው ፊት እያየ ይቀዳል" አሉኝ።

ማክሰኞ ማታ ድኾችን የሚጎበኘው ቡድን ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1833 ፍሬደሪክ ኦዛናም የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ፓሪስ ላይ በጀመረውና በቅዱስ ቪንሰንት ስም በሚጠራው ማኅበር ልማድ ይመራሉ። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት የጨርቅ ከረጢት ትዞራለች። ሁሉም የተጨበጠ እጁን አስገብቶ ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ ምንም የሌለው ተማሪም እንደ ባለ ደመወዙ እጁን ጨብጦ ያስገባል። ከረጢቷ ከተራገፈች በኋላ ማን ምን እንደሰጠ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ድምሩ ብቻ በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ የሳምንቱ ጉብኝት ይከፋፈላል፤ ሁልጊዜም ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ ድሬሰርና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ አንዲት አልጋ የያዙ እናት ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ቤቱ ከአራዳ ገበያ ብዙ የማይርቅ፣ በጭቃ የተለሰነ አንድ ክፍል ነው። ድሬሰሩ ከመግባታቸው እጃቸውን ታጠቡና አሮጊቷን በትከሻና በወገባቸው ይዘው ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። ጀርባቸውን አዩ፣ ቀይ ያለውን ቦታ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፣ "ይኼ ካለፈው ተሽሎታል" ብለው ለተማሪዋ አሳዩዋት፣ በለብ ያለ ውኃ አጥበው አደረቁት። ቆዳ ቀልቶ ከተጫኑት በኋላም ነጭ የማይል ከሆነ የአልጋ ቁስል እየጀመረ መሆኑን በዚያው አስረዷት። ልጅቷ አንሶላውን ቀየረች፣ የእግር ጥፍራቸውን ቆረጠች፣ ያመጣነውን ሽሮና ክክ በየዕቃው ገለበጠች።

"እንግዳው ደሞ ማነው?" አሉ እማማ፣ እኔን በአገጫቸው እያመለከቱ።

"ከአዲስ አበባ ነው እማማ። እሱም እንደኛ ካቶሊክ ነው።"

"እሱንስ ገምቼዋለሁ። ጨው ይዞ እንደሁ ነው የምጠይቀው።"

ጨው አልያዝንም ነበር፤ ተማሪዋ ሮጣ ከሱቅ ገዝታ መጣች። ገና ሥራው ሳያልቅ የእማማ የንስሐ አባት፣ የኦርቶዶክሱ ቄስ፣ ብቅ አሉ። ድሬሰሩ ከበርጩማው ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላቸው፣ መስቀላቸውን ተሳልመው ወደ ደጅ ወጡ፤ ተማሪዋም ጀበናውን ጣደች። ካህኑ ድሬሰሩን ደጅ ድረስ ተከትለው የመድኃኒቱን ሰዓት ጠየቋቸው፤ በማግስቱ እርሳቸው ራሳቸው መጥተው ሊያስውጧቸው ነው። የቡድኑ ሰዎች የሚጎበኙት ሰው ራሱ ካላነሣው በቀር በሰው ቤት ስለ ሃይማኖት አይናገሩም። ይህን ፍርሃት ነው የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ያንን በርጩማ ያላዩ ናቸው።

ሐሙስ የተለመደው ቅዳሴና ውኃ ነው። ዓርብ ማታ ፍኖተ መስቀል፣ ማለትም የክርስቶስን የሕማም ጉዞ የሚያስታውሰው ጸሎት፣ ተጸለየ፤ ዐሥራ አራቱን ምዕራፎች ልጆች በየተራ አነበቡ፣ መብራት ስለጠፋም በጧፍ ብርሃን ተጨረሰ።

ቅዳሜ የጽዳት ቀን ነው፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ምንጣፉ ወጥቶ በአጥሩ ላይ ይራገፋል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ይወጣሉ፣ ወለሉ ይታጠባል። ለእኔ የደረሰኝ የጧፍ መቅረዙ ነበር፤ ከአንዲት አረጋዊት እናት ጋር ተቀምጠን የሳምንቱን ሰም በደነዘ ቢላዋ ፋቅን። ሰሙን በጥንቃቄ በጣሳ ያጠራቅሙታል፤ ቀልጦ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ክር ገብቶበት እንደገና ጧፍ ይሆናል። እናቲቱ የመንበሩን ልብስ የሚያጥቡትም እርሳቸው ናቸው፤ ልብሱ የታጠበበት የመጀመሪያው ውኃ ሰው ከማይረግጠው አበባ ሥር ነው የሚደፋው። ምን ያህል ዓመት እንደሠሩት ስጠይቃቸው "አንተ ልጅ፣ ሰሙን ወለሉ ላይ እያንጠባጠብክ ነው" አሉኝ።

እሑድ ምእመናኑ ለቅዳሴ ተሰበሰቡ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ሞላች ባይባልም አማረባት። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ከቃለ ምዕዳናቸው የማያንስ ጊዜ የወሰደ ማስታወቂያ ተናገሩ፦ ባዶ ጀሪካን የረሳ ይውሰድ፣ የትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ የረቡዕ ጉብኝት ተረኞች ይታወቁ። ተማሪዋ እጇን አንሥታ ረቡዕ ፈተና እንዳለባት ተናገረች። ከፊት የተቀመጡት መምህርት ሳይዞሩ "እኔ እሄዳለሁ፤ ውኃውን ዘበኛው ይይዝልኛል" አሉ። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ፊት እያየ እንደማይቀዳ በጉባኤው ፊት ቃል እንዲገባ ተደረገና፣ ድሬሰሩም ጨው እንዳይረሳ በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ።