«ማኅበረ-ባህላዊ» ስንል

የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ በየገጹ የሚያጋጥመኝ ቃል ነው። «ማኅበረ-ባህላዊ እሴት»፣ «ማኅበረ-ባህላዊ ችግር»፣ «ማኅበረ-ባህላዊ ተጽዕኖ»። ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ «የትኛው?» ብዬ እጽፋለሁ። ቃሉን ስለምወደው እንዲሁ ሲባክን ያሳዝነኛል።

ማኅበር ሰው ከማን ጋር፣ በምን ደንብ እንደተሳሰረ ይነግረናል። ባህል ደግሞ «አለ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ከ«ብህለ» የመጣ ነው፤ ሲባልና ሲወርድ የኖረ። ቃሉ ቦታውን የሚያገኘው ሁለቱ አንድ ነገር ውስጥ ሲገኙ ነው።

እድርን እንይ። ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ለቅሶ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። እዚህ ድረስ ማኅበራዊ ነው። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ያለውን ግን ደንቡ አይጽፈውም። ማን ከሐዘንተኛው ጎን እንደሚቀመጥ፣ ንፍሮው መቼ እንደሚቀርብ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ማለትን ሁሉም ያውቀዋል። እናቴ ያረፈች ጊዜ የእድራችን ሴቶች ማጀቱን ተረክበው እኛን አስቀመጡን። መቀጫ ፈርቶ የመጣም ይኖር ይሆናል። እንባዬን ጠርገው «እህል ቅመሺ ልጄ» እያሉ ያጎረሱኝን እናት ግን ያስገደዳቸው ደንብ የለም። ያለ እድሩ ደግሞ ያን ያህል ሰው በአንድ ሌሊት አይሰበሰብም ነበር።

የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ርክክቡ ከነምርቃቱና ከነሥርዓቱ ነው። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

የቤት ኪራይ መወደድን «ማኅበረ-ባህላዊ» ማለት ግን አይገባኝም። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ደግሞ ቃሉ ሰው ሲደብቅ ነው። «ልጅቷ በማኅበረ-ባህላዊ ተጽዕኖ ትምህርቷን አቋረጠች» ይላል ጽሑፉ። ማን አስቀራት? አባቷ? ውኃ መቅዳት? ጋብቻ?

አንዷ ተማሪዬን ይህንኑ ጠየቅኋት። ተመልሳ ሄዳ ቤተሰቡን አነጋገረች። አያትየው ለጎረቤት ልጅ ሊድሯት ቃል ገብተው ነበር። አባትየው ልጁ ብትማርለት ይወዳል፤ ሽማግሌ ፊት የተሰጠን ቃል ማፍረስ ግን ነውር ሆነበት፤ ሰፈሩስ ምን ይላል? እናትየው አልተጠየቀችም። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ዘርዝራ አመጣችልኝ። ከዚያ በኋላ «ማኅበረ-ባህላዊ» ብትል አልከራከራትም።