20 ኩንታል ቦሎቄ እና የእድራችን ድስቶች

20 ኩንታል ቦሎቄ በአንድ ጠዋት ሲበስል አይቻለሁ። ሰሜን ጣልያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ፣ ሳንቲያ የምትባል ትንሽ ከተማ። ለድሬ ልጅ ሳንቲያን ማስረዳት አይከብድም። ከቶሪኖ ሚላኖ በሚሄደው ሐዲድ ላይ ያለች የባቡር ከተማ ናት። ዙሪያዋ ግን የሩዝ ማሳ ነው፣ ብርዷም አጥንት ድረስ ይገባል። እዚያ አካባቢ አንዲት አሮጊት እየጦርኩ ኖሬያለሁ።

የእነሱም ጾም ቅበላ አለው። ጾሙ የሚገባው ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሰኞ ከተማው አደባባይ ወጥቶ ቦሎቄ ይበላል። ፋጁዎላታ ይሉታል። ወደ 150 የሚሆኑ የመዳብ ድስቶች በእንጨት እሳት ይጣዳሉ። እኩለ ቀን ላይ ይታደላል፤ በነጻ ነው፣ የአገሩ ሰውም መንገደኛውም ይበላል። ብዙው ሰው ከቤቱ ድስት ይዞ ይመጣና አስሞልቶ ይሄዳል። እኔም የአሮጊቷን ድስት ይዤ ተሰልፌያለሁ።

አልቀመስኩትም። ቦሎቄው የሚበስለው ከአሳማ ቋሊማ ጋር ነው። እኔን በማለዳ ከቤት ያስወጣኝ ማብሰሉ ነበር።

ድስቶቹ በረድፍ ተጥደዋል፤ በየድስቱ ራስ ላይ ሰው ቆሟል። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ሽማግሌም ጎረምሳም። ረጅም የእንጨት ማማሰያ ይዘው ከሥር እየገፉ ያማስላሉ። ቦሎቄ ከወፈረ በኋላ ሥሩ ይይዛል። አንዴ ካረረ ጭስ ጭስ ማለቱ ድስቱን በሙሉ ያዳርሳል፣ ማዳኛ የለውም። ስለዚህ ማንም ዓይኑን ከድስቱ አይነቅልም። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው የሚመስል ጎረምሳ እጅ ላይ እጃቸውን ደርበው አብረው ሲያማስሉ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ለቀቁትና ወደ ኋላ አሉ። ልጁ ብቻውን ቀጠለ።

ቦሎቄው ከየት ይመጣል ብዬ አሮጊቷን ጠየቅኳቸው። አንቲካ ሶቼታ ፋጁዎሌስካ የሚባል ማኅበር አለ፤ በዓሉን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አባላቱ ከበዓሉ በፊት ገጠሩን እየዞሩ ከየገበሬው ቤት መዋጮ ይሰበስባሉ። ይኼን ስሰማ የእኛ እድር ነው ድቅን ያለብኝ።

የእድራችን ድስቶች እኮ የዋዛ አይደሉም። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያደገ ያውቃቸዋል፤ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳቸው። ሠርግ ሲሆን ሥራው የሚጀመረው ማታ ነው፣ የድሬ ቀን ከእሳት ጋር አይገፋማ። ሴቶቹ ዲሪያቸውን ሰብስበው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ በሽንኩርት ክምር ዙሪያ ይቀመጣሉ። አዛዧ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ነበሩ። ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ በርበሬ ይዞ የሚጠጋ ሰው ከእሳቸው ጋር አይስማማም። ለትልቅ ድስት ጨው ቀድሞ አይሞላም ይሉን ነበር፤ ግማሹን ጨምረሽ ጠብቂ፣ ወጡ ሲሰበሰብ ቀምሰሽ ትጨምሪያለሽ። ወጡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረውም እንጨቱን ያስወጣሉ። ትልቅ ድስት ሙቀቱን ይዞ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል።

ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ጉልቻ አለ፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን። በጋቸውን ራሳቸው ያርዳሉ፣ ድስታቸውም ቢላዋቸውም ለብቻ ነው። ሄልና ቅርንፉድ የሸተተው ሩዝ ከእነሱ ጉልቻ ይወጣል። እነሱ ሲድሩ ደግሞ እኛ የራሳችንን ድስት ተሸክመን ሄደን የእነሱ ግቢ ጥግ እንጥዳለን። ሽንኩርቱን ግን አንድ ላይ ነው የምንከትፈው። አንድ ክምር ነው፣ ሲያልቅ ለሁለቱም ጉልቻ ይከፈላል። ከድሬ ነገር ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ይቺን የሽንኩርት ሰዓት ነው የምመርጠው። ማን ታሞ እንደተኛ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ፣ የትኛዋ ጎረቤት ከማን ጋር እንደተኳረፈች የሚታወቀው እዚያ ነው። የሚታረቁትም እዚያው ነው።

አሁን ድስቶቹ ተቆልፎባቸዋል። ሠርግ ሲመጣ ኬተሪንግ ይጠራል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሴቶቹ ሥራ ውለው ይመጣሉ፣ እንጨቱ ተወዷል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጉልቻ መትከያ የለም። ድካም ይቅርብን ያለን ሰው አልወቅስም። ነገር ግን በቅርቡ አንድ የሠርግ ዋዜማ ሄጄ ግቢው ጭር ብሎ አገኘሁት። የሙሽራዋ እናት ስልካቸውን ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ምግቡ በማግስቱ በመኪና መጣ። ጥሩ ምግብ ነበር፤ እኔን ያንገበገበኝ ያለፈው ሌሊት ነው። እትዬ አርፈዋል። እሳቸው የሚያውቁትን የጨው ልክ የምናውቅ ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነን፣ ከእኛ በታች ያሉት ደግሞ ያንን ድስት ጥደውት አያውቁም።

ወንዶቻችንም ይስሙኝ። ድንኳኑን ይተክላሉ፣ በሬውን ይጥላሉ፣ ሥጋውን ይበልታሉ፤ ይኼ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያ ግን ጫትና ካርታ ነው፣ ማማሰያ የሚነካ የለም። ሳንቲያ ላይ ያ ሽማግሌ ሲያማስሉ ያፈረ ሰው አላየሁም። አቦ፣ እኛስ ምን ይለናል?

ስለዚህ ለእድሩ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሠርግም ለቅሶም አንጠብቅ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በቅበላው ሰሞን፣ ድስቶቹን አውጥተን ሁለት ጉልቻ እንትከል። ሽንኩርት፣ በርበሬና ሩዝ ቤት ለቤት እየዞርን እንሰብስብ። የበሰለውን ያለ ጥሪ ለመጣ ሁሉ እናብላ። ያኔ ረመዳን ከሆነ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድስት ለማፍጠሪያ ይደርሳል፣ እኛም ጠብቀን አብረን እንቀርባለን። ማማሰያውን የሚይዙት ወጣቶቹ ይሆናሉ፤ እኛ ከኋላቸው እንቆማለን።

ሰብሳቢው አልተቃወሙም። እንጨቱን ማን ይችላል ብለው ብቻ ጠየቁ። አንድ የሙስሊም ጎረቤታችን ግማሹን እኔ አሉ። የቀረው ግማሽ አልተገኘም፤ ከለገሃሬም ከነምበር ዋንም ቢሆን የጭነት መኪና ያለው ሰው ካለ ያናግረኝ። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁም ላኩልኝ፣ ሽንኩርት አከታተፍ ከአሁኑ እንጀምራለን።