ኦ ኔጋቲቭ እናት፣ ረጅም ምጥ፣ ከበር ውጭ የሠራሁት ሥራ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ ደም ፈሷታል። የደም ዓይነቷ ደግሞ ኦ ኔጋቲቭ ነው። ዛሬ እሷም ልጃችንም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ለሆነች ወንድ ነው። እኛ አገር አባት ሊሆን ለተቃረበ ሰው የሚነገረው ነገር ትንሽ ነው፤ አይዞህ፣ ጸልይ፣ ብር ያዝ። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ግን አይበቁም። ከማዋለጃ ክፍሉ በር ውጭ ለቆመ ሰው ብዙ ሥራ አለ፣ አብዛኛው ደግሞ ምጥ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው ክትትል ቀን አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ዓይነቷ ሲታወቅ ሲስተሯ ካርዱን አየችና "አባትየውም ይመርመር" አለች። ተመረመርኩ፣ ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን፣ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ኔጋቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጁ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ጥቂትም ቢሆን ወደ እናትየው ይገባል። ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋበት መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፣ መከላከያው ሲሠራ እሱ ተወልዷልና። ቀጥሎ የሚረገዘው ፖዘቲቭ ልጅ ግን አደጋ ላይ ነው፤ መከላከያው በእንግዴ ልጁ አልፎ ይገባና የሕፃኑን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ሕፃኑ በሆድ እንዳለ ሊሞት፣ ወይም በከባድ የደም ማነስና ቢጫነት ሊወለድ ይችላል። ሾተላይ የሚባለው ይህ ነው። ይህ እንዳይደርስ የሚያደርገው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ አንዴ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይሰጣል።

ይህን ማታ ቤት ስናወራ አማቴ ሰሙ። እሳቸው ከወለዷቸው ልጆች ያደጉት ባለቤቴና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ሳይቆዩ አልፈዋል። ያኔ ሾተላይ ነው ተብለው ክታብ አሥረዋል፣ ጸበል ተመላልሰዋል። በሚቀጥለው ክትትል ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተሯ የእሳቸውንም ደም አስመረመረች፣ ኔጋቲቭ ናቸው። የባለቤቴ ወንድምም ኔጋቲቭ ነው። ያደጉት ሁለቱ የእናታቸውን ዓይነት የያዙት ናቸው ማለት ነው። እማዬ ዝም ብለው ቆዩና "መርፌው ያኔ ነበረ?" አሉ። ዶክተሯ እውነቱን ነገረቻቸው። መርፌው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፣ እሳቸው ይኖሩባት የነበረችው ትንሽ ከተማ ግን አልደረሰም። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን የክትትል ቀን የሚያስታውሱን እሳቸው ሆኑ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሌላም ጥቅም ነበረው። ኦ ኔጋቲቭ መውሰድ የሚችለው ኦ ኔጋቲቭ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደም ሲፈለግ በቅድሚያ መጠየቅ ያለባቸው የእናትየው ወንድምና እህቶች ናቸው፣ ከወላጆቻቸው የወረሱት ስለሚመሳሰል የማግኘት ዕድሉ ከማንም ሰው የተሻለ ነው። ወንድሟ ተመርምሮ ኦ ኔጋቲቭ ሆነ። ከዚያ ከሥራ ባልደረቦቼና ከሰፈር ልጆች የደም ዓይነታቸውን የሚያውቁትን ጠየቅኩ፣ ሁለት ተጨማሪ ሰዎች ተገኙ። ስልካቸውን፣ የት እንደሚኖሩና መቼ ደም እንደሰጡ በአንድ ወረቀት ጻፍኩ። አንድ ሰው ከሰጠ በኋላ ሦስት ወር መቆየት አለበት፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ወሳኝ ነው።

አሁን ሁሉም አባት ቢያውቀው የምፈልገውን ልንገራችሁ። ዛሬ የሚሰጥ ደም ዛሬውኑ ለታማሚ አይገባም። ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፣ ይህ ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። እናት ደም እየፈሰሳት ቴሌግራም ላይ "ኦ ኔጋቲቭ ያለው ሰው እባካችሁ" ብሎ መለጠፍ አይከፋም፣ ሕይወቷን የሚያድናት ግን ቀደም ብሎ ተሰጥቶ፣ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ቀይ የደም ሴል ከአንድ ወር በላይ ይቀመጣል። የባለቤቴ ወንድም መውለጃዋ ሲቃረብ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ቀድሞ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለው ደም ባንክ ሄዶ ሰጠ። በስሟ አይቀመጥም፣ እሱን ነግረውናል። ቢሆንም አገሪቱ ውስጥ አንድ የኦ ኔጋቲቭ ከረጢት ጨመረ።

ምጡ የመጣው ሌሊት ነው። የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ፣ ራይድ ጠራሁ፣ እማዬ መንገዱን ሁሉ "ማርያም ማርያም" እያሉ ሆስፒታል ደረስን። ካርዷን ስሰጥ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ "ኦ ኔጋቲቭ፣ አንቲ ዲ" ብዬ ጽፌበት ነበር። ይህንን ማንም አላዘዘኝም። ተረኛ በተቀየረ ቁጥር አዲሷ ነርስ መጀመሪያ የምታየው ያንን ጽሑፍ ስለነበር ግን በጣም ጠቅሞናል። ላቦራቶሪም ቶሎ ደሟን ወስዶ እንዲያዘጋጅ አድርጓል።

ምጥ ክፍሉ ውስጥ በመጋረጃ ብቻ የተከፋፈሉ ብዙ እናቶች ስላሉ ባል አይገባም። ምክንያቱ ይገባኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እናት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፣ ክፍሎቻችን ሲሠሩ ይህ ቢታሰብ እንዴት ደስ ባለኝ። አዋላጇ ሌሎቹ እናቶች የተኙበትን ጥግ ሸፍና ለጥቂት ደቂቃ አስገባችኝ። ወገቧን ታች በመዳፌ እንዴት እንደምጫን አሳየችኝ። ምጡ ሲመጣ ስጫን ባለቤቴ ትንፋሿን ታወጣለች፣ እጄን ሳነሳ "አትልቀቅ" ትለኛለች። ያቺን ደቂቃ በምንም አልለውጣትም።

ቀኑ ነጋ፣ ረፈደ። የማህፀን በሯ 7 ሴንቲ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምጥ አለ፣ ለውጥ የለም። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ወጣና ጠራኝ። የሕፃኗ የልብ ምት እየወረደ ነው፣ ውሃውም አረንጓዴ ሆኗል፣ መጠበቅ አንችልም አለኝ። አረንጓዴ የሚሆነው ሕፃን ማህፀን ውስጥ ዓይነ ምድሩን ሲያስወግድ ነው፣ ከተጨነቀ ደግሞ ያንን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። የስምምነት ወረቀቱን አቀረበልኝ። ከመፈረሜ በፊት ለረጅም ጊዜ ሳስብበት የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኩት፣ "ዶክተር፣ ስንት ዩኒት ደም ተዘጋጅቷል?" አንድ አለ፣ ሌላ ከደም ባንክ እናስመጣለን አለኝ። ፈረምኩ። ወዲያው ወረቀቴ ላይ ላሉት ሰዎች ደወልኩና እንዲጠብቁኝ ነገርኳቸው።

ልጃችን ተወለደች። ድምጿን ቶሎ አልሰማሁም። ነርሷ ጠቅልላ ወደ ሙቀት ክፍል ስትሮጥ ፊቷን ብቻ አየሁ፣ ግራጫ ነበረች። ቀጥሎ ሌላ ነርስ ወጥታ ላቦራቶሪ ላከችኝ። የባለቤቴ ማህፀን አልኮማተር ብሏል። ልጅና እንግዴ ልጅ ሲወጡ ማህፀን እንደ ጡጫ ተጨብጦ የደም ሥሮቹን መዝጋት አለበት፣ ካልተጨበጠ ደም ይፈሳል። ረጅም ምጥ ያደከመው ማህፀን ላይ ይህ ሊከሰት ይችላል። ኦክሲቶሲን ሰጧት፣ በእጃቸው አሹት፣ ሌላም መድኃኒት ጨመሩ። የፈሰሳት ከአንድ ሊትር በላይ ነበር።

የመጀመሪያው ደም ገባላት። ሁለተኛው ከደም ባንክ በበረዶ ሳጥን መጣ። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ሁለት ሰዎች ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ የከረጢቱን ቁጥር አንዱ እያነበበ ሌላው እየደገመ ሲያመሳክሩ ቆሜ አየሁ። ውስጤ "ቶሎ በሉ" ይላል። እነሱ ግን አልቸኮሉም፣ አንዱን ቁጥር ደግመው አነበቡት። ደም ተሳስቶ ቢገባ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ያ ደም የማን እንደሆነ አላውቅም፣ የባለቤቴ ወንድም ይሁን የሌላ። ማን እንደሆንክ ባላውቅም ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ያርዝምሽ።

ደሙ ሲቆም ዶክተሩ ጭንብሉን አውልቆ "እንኳን ማርያም ማረቻት" አለኝ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከኩ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የ72 ሰዓቱ ቆጠራ ግን ልጅቷ ስትወለድ ጀምሯል። ከእትብቷ የተወሰደው ደም ኤ ፖዘቲቭ ሆነ። አንቲ ዲ በየፋርማሲው የሚገኝ መርፌ አይደለም፣ ርካሽም አይደለም፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ሰፈራችን መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ይዤ፣ እዚያው ፍሪጃቸው ውስጥ እንዲያቆዩልኝ ተስማምተን ነበር። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ቢሆን ማን እንደሚከፍትልኝ ጠይቄ ስልክ ወስጃለሁ። ደውዬ በበረዶ አመጣሁት፣ በማግሥቱ ተወጋች። ባለቤቴ በደም መፍሰሱ ደክማ መርፌውን ልታስታውስ አትችልም ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰው መኖር አለበት፣ ያ ሰው ባልየው ይሁን።

ልጃችን ሙቀት ክፍል በኦክሲጅን ቆየች። ትንፋሿ ፈጣን ነበር፣ ቀስ እያለ ተስተካከለ። ኋላ ደግሞ ቢጫ ሆነችና ሰማያዊው መብራት ሥር አስተኟት። እናት ኦ፣ ልጅ ኤ ስትሆን ይህ ያጋጥማል አሉን። ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት ስለማትችል እንገሩን በእጇ እየታለበ በትንሽ ኩባያ እኔ ነበርኩ የማደርሰው። ከኩባያው ሥር የምትታይ ወፍራም ቢጫ ጠብታ ናት። ስወስዳት እንዳትፈስ በሁለት እጄ ይዤ ነው ደረጃውን የምወጣው። ነርሷ "አባት፣ እጅህን ታጠብ" ትለኛለች፣ ከዚያ ልጄ ስትውጥ በመስታወቱ አያለሁ። ጠያቂ ሲመጣ አጥሚቱንና ገንፎውን ተቀብዬ፣ እናትየው መተኛት እንዳለባት እየነገርኩ በትህትና እመልስ ነበር። የተቀየመ አለ። አራስ ጥየቃ ክርስትናውም ድረስ ይደርሳል።

ያልጠበቅኩት ትልቁ ጥቅም ከስልኬ ማስታወሻ መጣ። ምጡ ከጀመረ አንስቶ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣት እጽፍ ነበር፣ መጀመሪያ ለተረኞቹ ለመንገር ብዬ ነው። ቤት ከገባን በኋላ ባለቤቴ ሌሊት እየባነነች "ምን ሆኜ ነበር?" ትለኝ ጀመር። እሷ የምታስታውሰው የጣሪያውን መብራትና የሰዎች ድምፅ ብቻ ነው። ማስታወሻውን ከፍቼ ከመጀመሪያው አነበብኩላት። በሌላ ቀን ደግሞ አንብብልኝ አለችኝ። ለቀጠሮ ስንሄድ ዶክተሩን ጊዜ ሰጥቶ ራሱ እንዲያስረዳት ለመንኩት፣ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ነገራት፣ ጠየቀችው፣ አለቀሰች። እንቅልፏ የተሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። "ዋናው ጤና መውጣትሽ ነው" እያልን እናቶችን ዝም ማሰኘት ልንተው ይገባል፣ የደረሰባቸውን የማወቅ መብት አላቸው።

ስለ ፈቃድም ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ ለአባት ደግሞ ከክፍያ ጋር 3 ተከታታይ ቀን። የእኔ 3 ቀን ያለቀው እነሱ ገና ሆስፒታል እያሉ ነው። የዓመት ፈቃዴን ሳልነካ አስቀምጬ፣ መውለጃዋ ሲደርስ በማንኛውም ቀን እንድወስደው ከአለቃዬ ጋር በጽሑፍ ተስማምቼ ነበር። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፣ ደብዳቤውን በስምንተኛው ወር አስገቡትና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ።