የሽፋን ዲዛይን ልምምዳችን፦ ያስቸገረን ስፓይኑ (የተጠረዘበት ጠባብ ጎን) ነው

ሐዋሳ ላይ የመጽሐፍ ሽፋን መሥራት ለምትለማመዱ ሁሉ፣ እስካሁን የደረስንበትን ላካፍላችሁ። ፊት ለፊቱ ላይ እጃችን ተፍታቷል። በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች) መሥራት፣ ፎቶን ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ካሉ ነጥቦች) አለማሳነስ፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ብሊድ (ተቆርጦ የሚወድቅ ትርፍ) መተው፤ ይሄን ሁሉም ይዞታል። ለደራሲው ከሦስት አማራጭ በላይ አታሳዩት፤ የአንዱን ፎቶ ከሌላው ፊደል ጋር አጋቡልኝ ማለቱ አይቀርም። ስልክ ላይ አይቶ መምረጡ ግን አይዋጥልኝም። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። አትማችሁ ሌላ መጽሐፍ ላይ ጠቅልሉትና ከራቅ ብሎ ይየው።

አሁን ወደ ስፓይኑ። ብዙ ሰው የተረፈ ቦታ ያደርገዋል። መናኸሪያ አካባቢ መጽሐፍ አዟሪውን እዩት፤ ክንዱ ላይ ደርድሮ ሲመጣ ከላይኛው መጽሐፍ በቀር የሚታየው ስፓይን ብቻ ነው።

ስፋቱ በገጽ ብዛት ብቻ አይገኝም። ገጹን ለ2 ስታካፍሉ የቅጠሉ ብዛት ይመጣል፤ ያንን በአንድ ቅጠል ውፍረት ታባዛላችሁ። 224 ገጽ 112 ቅጠል ነው። 80 ግራም ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ስለሚወፍር 11.2 ሚሊ ይሰጣል። ወረቀት ተወዶ ሥራው ወደ 60 ግራም ከወረደ ግን ቅጠሉ ወደ 0.08 ይጠጋና 9 ሚሊ ላይ ትቀራላችሁ። ትርፉ 2 ሚሊ የት ይገባል? የስፓይኑ ቀለም ወደ ፊትና ወደ ጀርባ ይታጠፍና ጠርዙ ላይ እንደ ክር ይታያል። ደግሞም ግራም የሚነግረን የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት እንጂ ውፍረት ስላልሆነ፣ ሁለት የተለያዩ 80 ግራም ወረቀቶች እኩል ላይወፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ ውስጡ ከሚታተምበት ከራሱ ወረቀት 50 ቅጠል ለምናችሁ ውሰዱ፣ ጫን አድርጋችሁ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ፣ ለ50 አካፍሉ። ሽፋኑ 300 ግራም አርት ካርድ ከሆነ ለሁለቱ ወገን 0.6 ገደማ ጨምሩ። ያ ባለ 224 ገጽ መጽሐፍ በ80 ግራም ወደ 12 ሚሊ ይጠጋል፤ መጠኑ ኤ5 ከሆነ የተዘረጋው ሽፋን ከነብሊዱ 314 በ216 ሚሊ ይሆናል። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ሳይወሰን ስፓይኑን ጨርሻለሁ የሚል ዲዛይነር አላምንም።

ልኩ ቢገኝም ጥረዛው ላይ 1 ሚሊ ወዲህ ወዲያ ማለቱ ያለ ነው። ስለዚህ ስፓይኑን በሌላ ቀለም መለየት ይቅር እላለሁ፤ የፊቱ ቀለም ዞሮ ጀርባው ድረስ ይሂድ። ‹‹ሲለይ ያምራል እኮ›› ለሚል ደራሲ ግን መልስ የለኝም። ያምራላ።

ርዕሱ ረዘመ ብላችሁ ፊደሉን በጎን አትጨምቁት። ቋሚ እግሮቹ ይቀጥናሉ፣ የካዕብና የሣልሱ ቅጥያም ከጎረቤቱ ፊደል ጋር ይጣበቃል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያወፍረው ቦልድም እንደ ጨ እና ቼ ያሉትን ቀዳዳቸውን ይደፍናል። መጠኑን አሳንሱ፤ ካልሆነ የደራሲውን ስም ከርዕሱ አሳንሳችሁ ጻፉ። ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ይሁን፤ መጽሐፉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ ርዕሱ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ርዕስ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ዝባዝንኬ ስለሚሆን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይራችሁ ላኩ። ያልተቀየረውን ኮፒ አትሰርዙ፤ የፊደል ግድፈት የሚታየው ሁሌም ከዚያ በኋላ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ ‹‹ፋይል›› በሚለው ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል።

ጀርባው ላይ ባርኮዱን በቀይ አታድርጉት፤ ማንበቢያው ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም መስመሮቹ አይታዩትም። ዋጋው የሚጻፍበት አካባቢም ነጣ ያለ ይሁን፤ ወረቀት በተወደደ ቁጥር ስቲከር ይለጠፍበታል።