ነዳጁ ከየትኛው አለት ወጣ?

የድኅረ ምረቃ ጥናቴን አራት ኪሎ ሆኜ ስሠራ የያዝኩት ጥያቄ ሲነገር ቀላል ይመስል ነበር፤ በእጄ ያለው የድፍድፍ ነዳጅ ናሙና የመነጨው ከኦጋዴን ተፋሰስ የፐርሚያን ዘመን የቦክ ሼል (ሼል ከጭቃ የተፈጠረ ስስ ንብርብር ያለው አለት ነው) ነው ወይስ ከዚያ በኋላ ከመጣው የጁራሲክ ዘመን የኡራንዳብ ሼል?

መጀመሪያ የተማመንኩት በፕሪስቴንና በፋይቴን፣ ማለትም በዘይቱ ውስጥ ባሉ ሁለት ቅርንጫፋማ ሃይድሮካርቦኖች፣ የመጠን ንጽጽር ነበር። ፕሪስቴኑ ለፋይቴኑ ሲካፈል ውጤቱ ከ3 በላይ ሆኖ ሳገኘው፣ ኦክስጅን ባለበት አካባቢ ከተከማቸ የየብስ ዕፅዋት ቅሪት የመጣ ነው ብዬ ቸኩዬ ጻፍኩ። ሆኖም የዘይቱን ሞለኪውሎች ለያይቶ በሚያሳየው የጋዝ ክሮማቶግራፊ ገበታ ላይ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያላቸው አልኬኖች ከሞላ ጎደል ጠፍተው ነበር፤ ይህም ባክቴሪያ ዘይቱን እንደበላው የሚያሳይ ምልክት ነው። ከአልኬኖቹ ቀጥሎ የሚጠቁት ደግሞ እነዚሁ ፕሪስቴንና ፋይቴን ስለሆኑ፣ የተመካሁበት ቁጥር ስለ መገኛ አለቱ (ዘይቱ ስለ መነጨበት አለት) ብቻ የሚናገር አልነበረም።

ስለዚህ ይበልጥ ወደሚቋቋሙት ሞለኪውሎች ዞርኩ፤ የሞለኪውል ስብርባሪዎችን በክብደታቸው በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ በክብደት ቁጥር 191 የሚታዩት ሆፔኖች ከባክቴሪያ፣ በ217 የሚታዩት ስቴሬኖች ደግሞ ከአልጌና ከዕፅዋት የተወረሱ ናቸው። እዚህ ላይ በ149 የታየ ግዙፍ ጫፍ ሁለት ሳምንት አባከነኝ፤ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ ናሙናውን ያስቀመጥኩበት የፕላስቲክ ጠርሙስ የለቀቀው ፋታሌት የሚባል የፕላስቲክ ማለስለሻ ነው! ከዚያ ወዲህ ከመስታወት ዕቃ ሌላ አልጠቀምም።

ይበልጥ የከበደኝ ግን ንጽጽሩ ነበር። ዘይቱ የሚነጻጸረው ከአለቱ ውስጥ በሟሟ ከሚወጣው ቅሪት ጋር ነው፤ አለቱ ከመጠን በላይ ከበሰለ ግን ባዮማርከሮቹ (እንደ ሆፔንና ስቴሬን ያሉት ከሕያዋን የተወረሱ ሞለኪውሎች) በሙቀት ስለሚጠፉ፣ አለመመሳሰላቸው ዝምድና የለም ለማለት አያበቃም። ዘይቱ ከብዙ ዘመን በፊት ከዚያው አለት፣ ገና ከመጠን በላይ ሳይበስል፣ ወይም ከሌላ ጥልቀት ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ካለፍኩ በኋላም አንድ ስሕተት ቀርቶኝ ነበር። አበባ ካላቸው ዕፅዋት የሚመጣው ኦሊያኔን በናሙናው ስላልነበረ፣ አለቱ ከክሬቴሺየስ በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋግጧል የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ «የየብስ ዕፅዋት ያልደረሱበት ወጣት የባሕር አለትስ ኦሊያኔን ከየት ያመጣል?» አለኝ። ማታውኑ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ፣ የካርቦን አይሶቶፑ (የቀላልና የከባድ ካርቦን አተሞች መጠን) እና የስቴሬኖቹ ንጽጽር የተስማሙበትን ብቻ አስቀረሁ።