እርግዝና ፈርተው ዳሯት

ጥር 2011 ላይ "ማኅበር አለና ና" ተብዬ ብቸና አካባቢ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ስደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ ቄሶቹም ተቀምጠዋል። የሚያጠራጥር ነገር የለም። ከዳሱ ጀርባ ግን ነጭ የለበሱ አራት ጎረምሶች በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ማኅበር ሚዜ አለው እንዴ?

ሙሽራዋ የአጎቴ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል። ዕድሜዋን ብጠይቀው "አስራ ስምንት ሞልቷታል" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። እናቷ ደግሞ ምጣዱ ላይ እንዳጎነበሰች "በምርጫው ዓመት አይደል የወለድኳት" አለች። ምርጫው 97 ነው። ደምሩት እንግዲህ።

አጎቴ ሕጉን ያውቀዋል። ሰርጉ ማኅበር የሆነውም ለዚሁ ነው። በወንጀል ሕጉ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ያለችውን ያገባ ደግሞ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። ግን ማን ይመሰክራል? ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዘመድ ነው። እኔም በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ።

ማታ ላይ ግን አላስቻለኝም። "ለምን ጋሼ?" አልኩት። ማጫውን ያወራኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ የሁለቱ አባቶች በሬ እኩል መሆኑን፣ መሬቱ መዋሰኑን። እሱ ግን የነገረኝ ስለ ትምህርት ቤት ነው። ስምንተኛን ስትጨርስ ከተማ ወርዳ ክፍል ተከራይታ ልትማር ነው፣ ብቻዋን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ ትመጣለች። "አንድ ቅዳሜ ሆዷ ገፍቶ ብትመጣስ? ያኔ ማን ያገባታል?" አለኝ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጎረቤት ልጅ እንደዚያ ሆና ስትመለስ አባቷ ለወራት ቤተ ክርስቲያን እንኳ በኋላ በር ነበር የሚገባው።

ስለዚህ እርግዝና ፈርቶ ዳራት። ዓመት ሳይሞላ አረገዘች። የእሷ እርግዝና ግን እልል ተባለለት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁለቱም ልጆች ናቸው፣ ሆዱም ያው ሆድ ነው፣ አንዷ ዲቃላ አመጣች ተባለች፣ ሌላዋ ዘር ተካች። ስለ ልጃገረዶች እርግዝና ሲወራ ሁልጊዜ ልጅቷ ባለጌ ነበረች ወይ አልነበረችም ላይ እናፈጣለን። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳለው በገጠር ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት 100 ልጃገረዶች 15ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፣ በከተማ 5 ናቸው። በእኛ አገር ከእነዚህ ብዙዎቹ በሽማግሌ፣ በምርቃት የተዳሩ ናቸው።

ከዳሯት በኋላ ደግሞ አማት አለች። ሦስት ወር ሳይሞላ ሆድ ሆዷን ማየት ጀመረች። "ይቺ ልጅ ጠፍ መሬት ናት እንዴ?" ትል ነበር ቡና ላይ፣ ልጅቷ እየሰማች። የወሊድ መከላከያ መርፌውማ ጤና ኬላ አለ፣ በነፃ። አንዳንዶቹ ካርዳቸውን እዚያው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትተው እየተደበቁ ይወጋሉ። እሷ ግን አማቷን ፈራች።

ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ዳሌዋ ገና ነው። በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አወረዷት፣ ከዚያ በአምቡላንስ። ባሕር ዳር ያለው፣ በረጅም ምጥ ተጎድተው ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች የሚያክመው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ለምን እንደተከፈተ ያኔ ገባኝ። እሷ ተርፋለች፣ ተመስገን።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት በየቦታው ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ከርሟል። ቤት የዋለች ልጅ ሽማግሌ ይጠራል። "ከ15 ካለፈችማ ቆማ ቀረች" የሚሉት እናቶች ዛሬም አሉ።

መንገዱ ፋታ ሲሰጥ የአጎቴን ልጅ ሄጄ ጠይቄያት ነበር። ጎጆዋ ውስጥ፣ ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀን ተጽፏል፦ ታኅሣሥ 9/2012። የልጇ የልደት ቀን ነው፣ ሴት ናት። ጽሑፉ የሰባተኛ ክፍል ጽሑፍ ነው፣ ክብ ክብ ያለ።

"ለምንድነው?" አልኳት።

"አባባ ቁጥር እንዳይሳሳት" አለችኝ፣ እየሳቀች።