ካርዱ ያዘዘውን ብቻ፦ የጥበቃ ጓዶቼን በባዶ ጠመንጃ ያለማመድኩበት መንገድ

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ላይ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲገባ ግቢው ይሞላል፣ የእኛም እንቅልፍ ያጥራል። መሣሪያችን ክላሽ ነው። የድርጅቱ ነው፣ ፈቃድ አለው። ጥይቱ በመዝገብ እየተቆጠረ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይተላለፋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ እየተኮሱ መለማመድ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። መሣሪያ ታጥቆ የሚያድር ሰው ግን እጁ መዛግ የለበትም። የቀረን በባዶ ጠመንጃ መለማመድ ነው።

እሱም መልክ አልነበረውም። አንዱ “እስቲ እናነጣጥር” ይላል፣ ሁለት ሦስቴ ምላጭ ይሳባል፣ ወሬ ይመጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ አለቀ። ደግሞ ሁሉም የሚወደውን ብቻ ነው የሚደጋግመው። ቆሞ ማነጣጠር ያምራላ! ተንበርክኮ መነሳት ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ካርዶቹን የሠራሁት ለዚህ ነው። ምን እንደምንለማመድ የሚወስነው ስሜታችን ሳይሆን ካርዱ እንዲሆን።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ። ከላይ ስዕል፣ ከስሩ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ ከታች ደግሞ “የማይቆጠረው” የሚል መስመር። ጽሑፉን በአማርኛና በኦሮምኛ አደረግኩት። ማንበብ የሚከብዳቸው ስላሉ ግን ሥራውን የሚሠራው ስዕሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ አሳትሜ ላስቲክ አስለበጥኳቸው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በአንድ ገመድ ታስረው ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተሰቅለዋል።

የመጀመሪያው ካርድ ጠርዙ ቀይ ነው። እሱ ሳይሠራ ሌላ ካርድ አይነካም። ሥራው ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ ነው። አፈሙዝ ወደ አፈር ቁልሉ። ካዝና ይውጣ። እንዳይተኮስ የሚቆልፈው መጠበቂያ ይውረድ። በጎኑ ያለው መሳቢያ እጀታ እስከ መጨረሻ ይሳብ። ውስጡ ይታይ፣ ከዚያ በትንሿ ጣት ይዳሰስ። ሌሊት ዓይን ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም። ከዚያ ጓደኛህ እንደገና ያየዋል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። ካዝናው ሳይወጣ እጀታው ከተሳበ አንዲት ጥይት ወደ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ካዝናውን ብትነቅለውም እሷ እዚያው ናት። ሰው “ካዝና የለውም እኮ” ብሎ ምላጭ ሲስብ የሚባርቀው እንዲህ ነው። ክላሽ ላይ ደግሞ መጠበቂያው ወደ ላይ ተዘግቶ እያለ እጀታው ሙሉ በሙሉ አይሳብም። ስለዚህ ውስጡን ለማየት መጠበቂያውን ማውረድ ግድ ነው። ካዝናው ቀድሞ መውጣት ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

ጥይቱ በሙሉ ሌላ ክፍል ይቆለፍበታል። የሚለማመደው ከተራ የወጣው ብቻ ነው፣ የተረኛው መሣሪያ ለካርድ አይነካም። የምናነጣጥረው ጀርባው አፈር ወደሆነው የድንጋይ አጥር ነው። ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጥይት አያቆሙም፤ ጠመንጃው ባዶ ነው ብለን እንኳ ወደነሱ አናዞርም። አንድ ሌላ ሕግም አለን፦ በምርቃና ሰዓት ካርድ አይወርድም። ያለነው ጅማ ነው፣ ይሄን መጻፍ ነበረብኝ።

ሁሉም የሚወዳት የሳንቲም ካርድ ናት። ተኝተህ ታነጣጥራለህ፣ ጓደኛህ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ በርሜሉ ላይ ሳንቲም ያስቀምጣል፣ ምላጩን ትስባለህ። ሳንቲሙ ከወደቀ አይቆጠርም። አሥር የተቆጠረ ሲሞላ ካርዱ ያበቃል። አንድ ጎልማሳ ባልደረባችን መጀመሪያ ሳቁ።

“አለቃ፣ እኔ መሣሪያ የያዝኩት አንተ ሳትወለድ ነው።”

“አውቃለሁ ጋሼ፤ ሳንቲሙ ግን አያውቅም።”

ሳንቲሙ ወደቀ። ደገሙት፣ አሁንም ወደቀ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጣታቸው አይደለም ችግሩ። ቷ ከማለቱ በፊት ትከሻቸው ወደፊት ይገፋል። ድምፁንና ምቱን ገና ሳይመጣ እየጠበቁት ነው። በእውነተኛ ጥይት ቢሆን ይሄ አይታይም ነበር፤ ጠመንጃው ራሱ ስለሚረግጥ ይሸፍነዋል። “ቀስ እያሉ ይጫኑት፣ መቼ እንደሚል አይገምቱ” አልኳቸው። አሁን ያቺን ካርድ ከገመዱ ላይ ቀድመው የሚያወርዷት እሳቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ያ የታችኛው መስመር ነው። “የማይቆጠረው” ተብሎ ካልተጻፈ ሰው የተበላሸውንም ይቆጥራል። ስንት እንደሚደገም ካልተወሰነ ደግሞ ወይ ሁለቴ ሠርቶ ይተዋል፣ ወይ እጁ እስኪዝል ይቀጥልና መጥፎ ልማድ ይይዛል። በአንድ ቀን ከሦስት ካርድ በላይ አናወርድም። የከበደው ካርድ ለሚቀጥለው ቀን ፊት ላይ ይታሰራል፣ የቀለለው ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዓይነት ካርድ ላይ ጭራሽ ምላጭ የለም። ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፦ አጥሩ ላይ ጥላ፣ በር የሚገፋ ሰካራም፣ መሽቶ በቆርቆሮው ስር ቡና የሚለቅም ልጅ፣ ጅብ። ካርዱን የሚይዘው ያነባል፣ ሌላው ወዲያው ያደርጋል። መብራት፣ ድምፅ፣ ፊሽካ፣ ስልክ። ጣት ከምላጩ ውጭ፣ አፈሙዝ ወደ መሬት። የጥበቃ ሥራ ከሞላ ጎደል ይሄ ስለሆነ፣ ለእኔ ከሳንቲሟም የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ወጣቶቹ ግን ይሰላቹባቸዋል፤ ስለዚህ የተኩስ ካርድ የሚያወርድ ከነዚህም አንድ ማውረድ ግዴታው ሆኗል።

ያላለቀችው የባትሪዋ ካርድ ናት። ክላሽ በአንድ እጅ፣ ባትሪ በሌላው፣ አፈሙዙ መብራቱን ተከትሎ ወደ ሰው ሳይዞር። በቃል ሳስረዳው ይገባቸዋል፣ ስዕሉ ግን እስካሁን አልተዋጣልኝም። ማታ ማታ መዝገቡ ጀርባ ላይ እየሞነጫጨርኩ ነው።